ንግግር ያቃተው አባቴ መንዙማ ላይ ቃል አይስትም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ አለ?

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች። አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከመ፣ አፉም ተያዘ። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም። መልስ ልስጥ ሲል ግን «እ... እ...» ብሎ ይቀራል። ውሃ ሲፈልግ ጣሳውን በጣቱ ያሳያል። ካልገባን ይናደዳል። ንዴቱ ነው ከሁሉ የሚከብደን።

ሐሙስ ማታ ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጡ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። አንድ ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ መንዙማ ጀመሩ። አባቴ በግራ እጁ ጭኑን መታ መታ አደረገና አዝማቹን ተቀበለ። ቃል በቃል! አንድ ዙር ብቻ አይደለም፣ ደጋግሞ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሲያበቃ «አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት። «እ...» ብቻ።

ሰዎቹ «ከራማ ነው» አሉ። እኔም አልካድኩም። ግን ሌላ ቦታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ነገር ወደ ንግግር ማምጣትስ ይቻላል? የግፊት መድኃኒት ተሰጥቶን «በሂደት ይሻለዋል» ተብለን ነው የተሸኘነው።

ሰኞ ገበያ፦
አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽራቸው። አክስቴም እንዲሁ ነበረች። የገዛ ልጇን ስም መጥራት አቅቷት የሰርግ ዘፈን ግን ከዳር እስከ ዳር ትለዋለች። እኛ እያሾፈች ነው ብለን ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለን።

ፊዚዮ ከኮምቦልቻ፦
የሆጤ ልጅ፣ እግዜር ይማርልህ። ያየኸው በሕክምና የታወቀ ነገር ነው።

አብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያቀናብረው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። የአባትህ ቀኝ ጎን የደከመው ግራው አንጎል ስለተጎዳ ነው። አፋቸውም በዚያው ተያዘ። ዜማ ግን በሁለቱም ወገን ይሠራል፣ ቀኙም ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሉት መንዙማ በሌላ በር ወጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የሚባሉ ባለሙያዎች ከዚህ ተነስተው አንድ የሕክምና ዘዴ አወጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለቤት የሚያስፈልግ አጭር ነገር ትመርጣለህ፣ «ውሃ ስጡኝ» በል። በሁለት ድምፅ ብቻ ታዜመዋለህ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ። በየክፍለ ቃሉ ግራ እጃቸውን ቀስ ብለህ ትመታለህ። መጀመሪያ ቃል ሳይኖር ታንጎራጉራለህ። ቀጥሎ አብራችሁ ትላላችሁ። ከዚያ አንተ መሃል ላይ ዝም ትላለህ፣ እሳቸው ይጨርሱታል። እያደር ዜማው እየሳሳ ወደ ተራ አነጋገር ይጠጋል።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ መንዙማውን መደጋገም ብቻውን «ውሃ» አያስብላቸውም። አፍ ላይ ያደረ ነገር በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ አዲስ ነገር ግን መሠራት አለበት። ሁለተኛ፣ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ ጥናቶቹም በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ አባትህ መስማታቸው ደህና ሆኖ አፋቸው ለተያዘ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ እኛ አገር በየከተማው የለም፣ ካገኘህ ግን እሱን አስቀድም። የግፊቱን መድኃኒት ደግሞ አደራ።

ተጠራጣሪ፦
ፊዚዮ ጥሩ ተናግሯል። እኔ ግን ከወዲሁ ላስጠንቅቅ፤ ነገ ይህ ክር «ሙዚቃ ሁሉን ይፈውሳል» ወደሚል ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ትንሽ ጥናት ወጣ። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ሞዛርት ሰሙና ቅርፅን በሐሳብ የማገላበጥ ጥያቄ ላይ ትንሽ ተሻሉ። ጥቅሙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው የቆየው። ዓለም ግን «ሞዛርት ሕፃን ያጎብዛል» አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሲዲ ይታደል ብሎ በጀት ጠየቀ። ጥናቱ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም!

እኛም ጋ ከዚህ የባሰ አለ። ስኳር ያለባት ጎረቤታችን «ዛር ነው» ተብላ ከበሮ ሲመታላት ከረመ። ኢንሱሊኗን አቋረጠች። እግሯ ተቆርጦ ነው የተረፈችው። ከበሮው ምንም አላደረጋትም። «መርፌውን ተዪው» ያላት ሰው ነው የጎዳት።

የሐርቡ እናት፦
ልጄ፣ ዛርና ወዳጃን አንድ ላይ አትውቀጣቸው። እኔ ወዳጃ ላይ ነው ያደግሁት። ሰው ሲታመም ጎረቤት ይሰበሰባል። ጫቱ፣ ቡናው፣ ዕጣኑ ይቀርባል። ሽማግሌው ያወጣል፣ ቤቱ ይቀበላል። «መድኃኒትህን ጣል» ያለ ሰው አልሰማሁም። ባሌ የሞተ ጊዜ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፣ እንክብልም ውጫለሁ። የተኛሁት ግን ሴቶቹ እየመጡ እያንጎራጎሩ ያመሹልኝ ቀን ነው።

ተጠራጣሪ፦
እማማ፣ እሱን አልተቃወምኩም። እንዲያውም እርስዎ ያሉትን የሚያስረዳ ነገር አለ። ሰው አብሮ ሲዘምር ትንፋሹም አብሮ ይሄዳል፣ ረዘም አድርጎ ይተነፍሳል፣ ይረጋጋል። ይህ ድንቅ ነው። ስኳር ግን አያወርድም።

ደረሳው፦
ለሆጤ ልጅ አንድ ምክር አለኝ። መንዙማ አውጪና ተቀባይ አለው። አባትህ ተቀባይ ሆነው ኖረዋል። ስለዚህ ብቻቸውን «በል እስቲ» አትበላቸው። አንተ አውጣ፣ እሳቸው ይቀበሉ። ፊዚዮ ያለው «መሃል ላይ ዝም በል» የሚለው እኛ ጋ ድሮም ያለ ነው።

ስለ መንዙማ ደግሞ ይህቺን ልጨምር። ዳና፣ ጀማ ንጉሥ፣ ጌታ የሚባሉትን የወሎ ቦታዎች የዚያራ ቦታ ብቻ አድርጋችሁ አትዩአቸው። ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዓረብኛ የማያውቀው የወሎ ገበሬ ሃይማኖቱን በአማርኛ መንዙማ ነው የተማረው። ሸሆቹ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፣ ዐጀም ይሉታል። ማንበብ የማይችለው በጆሮው ይዞት ይሄዳል። ሶላቱ፣ ውዱው፣ የነቢዩ ታሪክ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ለአገር ጉዳይም ውሏል። በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ ሲሉ እምቢ ብለው ከተነሱት መሪዎች አንዱ ሸህ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ናቸው። መንዙማ ገጣሚም ነበሩ። የዚያ ዘመን ነገር በግጥማቸው ውስጥ ቀርቷል። «ዜማ አገርን አንድ ያደርጋል» የምትሉ፣ አልፎ አልፎ አገርን «ተው!» የሚለውም ዜማ ነው።

የወገልጤና መምህር፦
ስለ ትምህርቱ እኔ ልግባ። ደላንታ ነው የማስተምረው። በዋድላ ደላንታ በኩል ሰለልኩላ አለ፣ የቅዳሴ ዜማ ምስክር ቤት። አያቴ የተማሩት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ንባብ ቤት አለ። አንዱን ጽሑፍ በአራት ዓይነት አነባበብ ያስኬዱታል፦ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ። ያው ገጽ ነው፣ ድምፁ ግን ይለያያል። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን ለብቻ እየጎተተ ይላል። ቀጥሎ ቃሉን ይጠራል። በመጨረሻ እንደ ሰው ያነባል። ፊዚዮ «ዜማው እየሳሳ ወደ ተራ አነጋገር ይጠጋል» ሲል ያስታወሰኝ ይህንን ነው።

ግን ዜማ ችግርም አለው። ሦስተኛ ክፍል የማባዛት ሠንጠረዥ በዜማ አስተማርኩ። ሁሉም ሸመደደው። ከዚያ አንዷን «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አልኳት። ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቅላ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት...» ብላ እያዜመች ነው ስምንት ላይ የደረሰችው። ዜማ እንደ ገመድ ነው፤ ከጫፉ ካልሳብከው መሃሉ አይመጣም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በዜማ ሲያወርደው ፊደል የለየ ይመስላል። በስንደዶ አንዱን ነጥለህ ብታሳየው ግን ይጠፋበታል። ስለዚህ አቡጊዳን አመጡ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ተራው ተበጥብጧል። ዜማው ይዞት ሊሄድ ስለማይችል ልጁ ፊደሉን ማየት ግድ ይለዋል። የሆጤ ልጅ፣ ለአባትህም አቡጊዳ የሚያስፈልጋቸው ይመስለኛል።

ፊዚዮ ከኮምቦልቻ፦
መምህር፣ ይህን በትምህርት ቤት ሳለሁ የነገረኝ ሰው ቢኖር ፈተናው ይቀልልኝ ነበር። ልክ ነው። አዝማቹን ከመጀመሪያው ማስባል ቀላል ነው። ቃሉን ነቅሎ ለብቻ ማስባል ነው ሥራው።

የገራዶ ክራር፦
ቅኝት ሳይነሳ የወሎ ክር ያልቃል እንዴ? አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁለቱ የወሎን ቦታ በስማቸው ይዘዋል። ባቲ የሰኞ ገበያዋ ከተማ ናት፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝባት። አምባሰል ደግሞ ግሸን ያለችበት ተራራ ነው።

ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ላይ ሬውንና ላውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ታደርጋለህ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ያ ዶና ሬ ፍላት ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ቦታ ነው ሆድ የሚያባባው። ክራር ያለው ሰው አሁኑኑ ይሞክረው።

ግን «አምባሰል ለግፊት፣ ባቲ ለድብርት» እያሉ የሚያዝዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ተዉ እንጂ! አምባሰል በሰርግም ይዘፈናል፣ በሐዘንም ይንጎራጎራል። ቅኝት ክኒን አይደለም። ባቲ ሰምቶ የሚያለቅስም የሚጨፍርም አይቻለሁ፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው ማታ።

ቧንቧ ውሃ፦
ዜማና በሽታ ካላችሁ ላሊበላዎቹን እንዴት ረሳችኋቸው? ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ የሚቆሙትን። ባል ያወርዳል፣ ሚስት ትቀበላለች። መሣሪያ የላቸውም። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አስቀድመው ይጠይቁና እያሞገሱ ይቀሰቅሱሃል። ስትሰጥ ምርቃቱ አያልቅም። ቁርጥ አድርገህ ካልሰጠህ ደግሞ... ታውቁታላችሁ። ካልዘፈንን የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ነው የሚያምኑት። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው።

ተጠራጣሪ፦
የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ ነው የሚመጣው። ኖርዌጂያዊው ሐንሰን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። መድኃኒቱ በነፃ ነው የሚሰጠው። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለስንት ዘመን በዚህ ሕክምና የታወቀ ቤት ነው። ዘፈናቸውን እወድላቸዋለሁ፣ ፍርሃቱ ግን ይብቃቸው።

ቧንቧ ውሃ፦
ፍርሃቱ ሲቀር ዘፈኑም እየቀረ ነው እኮ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማን ደጅ ይቆማል? ጥበቃው አያስገባቸውም።

የሆጤ ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሞከርነው። መጀመሪያ «ውሃ ስጡኝ»ን በመንዙማው ዜማ አደረግሁት። እናቴ ተቆጣች። «በነቢ ዜማ ውሃ ትለምናለህ?» አለች። ልክ ነች መሰለኝ።

ከዚያ የውድማ ዜማ ትዝ አለን። አባቴ ገበሬ ነበር፣ በሬ ሲያበራይ የሚለው ነገር አለ። በሱ አደረግነው። ግራ እጁን እየመታሁ «ውሃ ስ-ጡኝ፣ ውሃ ስ-ጡኝ»። ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ዓይኔን ያየኝ ነበር። ታናሽ እህቴ «እያሾፍክበት መሰለው» አለች። አንድ ጠዋት «ውሃ» ብዬ ዝም ስል «ስጡኝ» አለ። ጥርት አድርጎ።

አሁን ችግሩ ሁሉም ነገር «ስጡኝ» ሆነ። ውሃም ስጡኝ፣ ጋቢም ስጡኝ፣ ሪሞትም ስጡኝ። ትናንት የእህቴን ልጅ እያየ «ስጡኝ» አለና አንስተን አቀፈው። ግን ንዴቱ ቀንሷል። ቤታችን ለዚህ ብቻ ድግስ ይገባዋል።

ፊዚዮ ከኮምቦልቻ፦
ማሻአላህ! አሁን መጀመሪያውን ቀያይር። «ጋቢ ስጡኝ»፣ «ቡና ስጡኝ»። አንተ «ስጡኝ»ን በል፣ እሳቸው ፊተኛውን እንዲሉ አድርግ። ሲደክማቸው አቁም። ድካም ላይ ንዴት ይመለሳል።

ሰኞ ገበያ፦
ሪሞቱን ግን አትስጡት 😂

ከዲሲ የደሴ ልጅ፦
ክሩን ከሩቅ እያነበብኩ ነው። የአገር ጉዳይ ስለተነሳ እኔም አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በ1977 ድርቅ፣ ያኔ ወሎ የነበረችው ኮረም በቴሌቪዥን ታየች። እንግሊዞቹ ዘፈን አወጡ። ሐምሌ 6፣ 1977 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ያ ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ሰውም ተርፎበታል፣ አልክድም። ዘፈኑ ግን «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ላሊበላ ያለችው የት ሆኖ ነው! በገና ዕለት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ እኩሌቶቹ ማሜ ጋራ ላይ ወጥተው፣ እኩሌቶቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ የሚውሉት ወሎ ውስጥ ነው። እዚህ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያን ዘፈን እሰማለሁ፣ ጋሪዬን ትቼ ልወጣ ምንም አይቀረኝም።

የገራዶ ክራር፦
ወሎ ስትባል ያኔ የአጥንት ሥዕል ነበረች። እዚሁ አገር ውስጥ ግን ሌላ ወሎን ያሳየው የላሊበላ ኪነት ነው። እነ ማሪቱ ለገሰን ያወጣ ቡድን። ደርግ የኪነት ቡድኖቹን ለራሱ ቅስቀሳ ነበር የፈለጋቸው፣ ማንም አልረሳውም። ልጆቹ ግን በመሃል አምባሰሉን ይዘው ወጡ። መፈክሩን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

ቧንቧ ውሃ፦
አሁንም ቢሆን ዘፈን ቅስቀሳ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከየአቅጣጫው የሚለቀቀውን አትርሱ። እኔ ሽለላና ፉከራ ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ አልቀበል ብሏል። ሰርግ ላይ ሳይቀር «ዘራፍ» ሲባል ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ።

የሐርቡ እናት፦
እኔም ልጄ። የሰርግ ጨዋታ ነው ብዬ ልቆይ እላለሁ፣ ሆዴ አይሆንም።

የወገልጤና መምህር፦
ተማሪዎቼም እንዲሁ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ጮክ ያለ ነገር ሁሉ ያስደነግጣቸው ነበር። ደወሉን ትቼ በጭብጨባ ነበር የማስገባቸው። ነሐሴ ላይ ሴቶቹ ልጆች ለአሸንድዬና ለሶለል ሲለማመዱ ነው መጀመሪያ ሳቅ የሰማሁት። ቆቦ ሶለል፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ ይሉታል፣ ክርክሩን እዚህ እንዳትጀምሩት።

ሰኞ ገበያ፦
ጀምረሃል እኮ አንተ ራስህ።

የመርሳ ልጅ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። ፊዚዮ፣ አንድ ጥያቄ። እናቴ ፓርኪንሰን አለባት። ሜዳ ላይ ትሄዳለች፣ በር ላይ ስትደርስ ግን እግሯ መሬት ላይ ይጣበቃል። ስንገፋት ልትወድቅ ነው። ዜማ ለሱም ይሆናል?

ፊዚዮ ከኮምቦልቻ፦
ለእሱማ ዋናው ምቱ ነው። መጀመሪያ፣ አትግፏት። ከጎኗ ቁም እንጂ ከኋላዋ አትሁን፣ አትጎትታትም። በር ላይ ሳትደርሱ አስቀድመህ የተስተካከለ ምት ጀምር፣ በጭብጨባ ወይም «አንድ፣ ሁለት» በማለት። ፍጥነቱን ራሷ ደህና ስትሄድ ከምትሄደው ጋር አስተካክለው። ከበሮው የሚለዋወጥ ዘፈን አይሆንም፣ ያደናግራታል። ከቆመች አንተም ቁም። ትተንፍስ፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታመላልስ፣ ከዚያ በምቱ የመጀመሪያውን እርምጃ ከፍ አድርጋ ታንሳ። በሩ ላይ ያለውን ምንጣፍ አንሱት። መድኃኒቷን የምትወስድበትን ሰዓት ጻፍና ለሐኪሟ አሳየው። ብዙ ጊዜ እግር የሚጣበቀው የመድኃኒቱ ኃይል ሊያልቅ ሲል ነው።

የመርሳ ልጅ፦
ምንጣፉ አለ፣ ወፍራም ነው። አሁን አነሳዋለሁ።